ቢጫ ምልክት የሚጠብቁ ሰዎች

በሴፕቴምበር 17 ቀን 2019 (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 6 ቀን 2012) የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን የሚያሳየው የሳተላይት ምስል ማንንም የሚያስደነግጥ አልነበረም። መሀሉ ላይ ዓይን የለ፣ ዙሪያውን የተጠቀለለ ደመና የለ፤ በቴክሳስ ጠረፍ፣ ፍሪፖርት ከምትባለው የወደብ ከተማ ፊት ለፊት፣ ቅርጽ መያዝ ያቃተው ነጭ ደመና ተበትኖ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ደመናውን በቁጥር መዘገበው። ከ45 ደቂቃ በኋላ ስም አወጣለት፤ ኢሜልዳ። ሌላ 45 ደቂቃ ሲቆጠር ኢሜልዳ ፍሪፖርት አጠገብ ከባሕር ወጥታ የብስ ረግጣለች። ሌሎች ማዕበሎች ከአትላንቲክ ማዶ ሲነሡ ሳምንት ሙሉ ዜና ይሆናሉ፤ ይህቺኛዋ ግን ተመዝግባ፣ ስም ወጥቶላት፣ ባሕሩን ጥላ እስክትወጣ የፈጀባት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ከፍተኛው የነፋስ ፍጥነቷ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሃሪኬን ለለመደ የጠረፍ ሰው ይህ ከቁም ነገር አይገባም። መስኮቱን በጣውላ የሚመታ የለም፤ ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ከተማ የሚለቅም የለም። ብዙም ሳትቆይ ነፋሷ ደክሞ ደረጃዋ ዝቅ አለ። ዝናቡ ግን አልሄድም አለ። ጄፈርሰን በሚባለው አውራጃ፣ ቴይለርስ ባዩ የተባለው ወንዝ ሰሜናዊ ገባር ላይ የተተከለው መለኪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ 1,125 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ መዘገበ። አዲስ አበባ በልጉንም ክረምቱንም ደምራ በዓመት የምታገኘው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እንዲህ ያለውን ደመና ገና ስም ሳይኖረው የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። ጡረተኛ አለ፣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ አለ፣ ትምህርቱን ትቶ ራዳር ላይ የሚያፈጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለ። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 በሚዘልቀው የማዕበል ወቅት ማለዳ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያዩት የማያሚውን ማዕከል ካርታ ነው። ካርታው በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል። አንድ የተረበሸ የአየር ክልል ወደ ማዕበልነት የመለወጥ ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ በቢጫ ይቀባል፤ ከ40 እስከ 60 ከሆነ በብርቱካናማ፤ ከዚያ ካለፈ በቀይ። ባዶ ካርታ ላይ ቢጫ ስትወጣ የእነሱ ወቅት ጀመረ ማለት ነው።

ቢጫዋ ጠንከር ካለች ማዕከሉ ከ90 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች ተራ የደረሰውን ይሰጣታል፤ 99 ሲያልቅ ወደ 90 ይመለሳል። ያኔ ኮምፒውተሮቹ ትኩረታቸውን እዚያች ነጥብ ላይ ያደርጉና እያንዳንዱ ሞዴል ማዕበሉ ይሄድበታል ያለውን መንገድ በመስመር ያወጣል። ደርዘን ሙሉ መስመር ካርታ ላይ ተደራርቦ ሲታይ ስሙ ስፓጌቲ ነው። አንዱ መስመር ወደ ሉዊዚያና፣ አንዱ ወደ ሜክሲኮ፣ አንዱ ደግሞ እዚያው ባሕሩ ላይ ሲዞር ውሎ ያድራል። በደካማ ማዕበል ላይ ስፓጌቲውን ማመን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሞዴሎቹ መንገዱን ከመተንበያቸው በፊት መሀሉ የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው፣ የደካማ ማዕበል መሀል ደግሞ ባለበት አይረጋም። ዛሬ ማታ እዚህ የነበረው አዙሪት ሌሊቱን ከባድ ነጎድጓድ በፈነዳበት ቦታ እንደገና ይፈጠራል፤ ንጋት ላይ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። የትናንቱ መስመር ሁሉ ያኔ ዋጋ የለውም።

የዚህን ትርፍ ሥራ ጣዕም ለማወቅ አውሮፕላን የሚሄድበትን ቀን መጠበቅ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ካለው የኪስለር የአየር ኃይል ሰፈር የሚነሡት ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ማዕበል ውስጥ ገብተው ነፋስ፣ ግፊትና ሙቀት ይለካሉ። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ መረጃውን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው፣ ካፒቴኑ ያየውን ቁጥር ቦሞንት ከተማ ኩሽናው ውስጥ የተቀመጠ ጡረተኛም በደቂቃዎች ልዩነት ያየዋል። ልኬቱ በየ30 ሰከንዱ ይወሰዳል፤ ሃያ ሃያው መስመር ተጠራቅሞ በየ10 ደቂቃው ይወርዳል። ተከታታዮቹ በዚያ የቁጥር ረድፍ ውስጥ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ። ከምድር ወገብ በላይ ማዕበል የሚዞረው ከሰዓት እጅ በተቃራኒ ስለሆነ፣ አዙሪቱ ዙሪያውን ገጥሞ ከሆነ ከመሀሉ በስተደቡብ ያለው ነፋስ ከምዕራብ መምጣት አለበት። አቅጣጫው በዲግሪ ይጻፋል፤ 90 ምሥራቅ፣ 180 ደቡብ፣ 270 ምዕራብ ነው። አውሮፕላኑ ከመሀሉ በታች አልፎ ሲበር ቁጥሩ 120 ይላል፣ 150 ይላል፣ 190 ይላል፣ እዚያው ይቆማል። ቀጣዩ ረድፍ እስኪወርድ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። 220፣ 250፣ ከዚያ 270። አዙሪቱ ገጠመ። የኩሽናው ሰውዬ ማዕከሉ መግለጫ ከማውጣቱ በፊት ያውቃል፤ ሚስቱን ጠርቶ ቢነግራት እሷ ግን የምትጠይቀው ቆሻሻውን አውጥቶ እንደሆነ ነው።

ይህን ሁሉ የማየት ጉጉት የራሱ በሽታ አለው። ከጁን ጀምሮ የጠበቀ ሰው ማዕበል ይመኛል። ሰው እንዲጎዳ አይመኝም፤ ግን ደመናው እንዲጠነክር፣ መስመሩ ወደ እሱ እንዲዞር፣ ያስጠነቀቀው እንዲደርስ ይፈልጋል። ሞዴሎቹም ይህን ጉጉት ያባብሱታል። የአሜሪካው ዋና ሞዴል በቀን አራት ጊዜ ይሠራል፤ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ከማዕከላዊ አሜሪካ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚወጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደርስ ግዙፍ ሃሪኬን ደጋግሞ በማሳየት ይታወቃል። አብዛኞቹ ሳይፈጠሩ ይቀራሉ። የበሰሉት ተከታታዮች ከ10 ቀን በላይ የሆነውን ካርታ ዞር ብለው አያዩትም። ጀማሪዎቹ ግን ያንኑ ቀይ ክብ አንሥተው ለዘመድ አዝማድ ይልካሉ፤ ምኞት ትንበያ መስሎ ከተማውን ያዳርሳል። ባለሙያዎቹ አማተር ሲያዩ ፊታቸው የሚጨማደደው ያለ ነገር አይደለም።

እኔ የምቃወመው ግን ሌላውን ነው። አብዛኛው ተከታታይ የሚጓጓው ለነፋሱ ነው። በሰዓት ከ63 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ስም የለውም፤ 63 ሲደርስ ስም ያገኛል፤ 119 ሲደርስ ሃሪኬን ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይወጣለታል። እነዚህ መለኪያዎች ሁሉ የነፋስ ናቸው። የአሜሪካው የሃሪኬን ማዕከል ተመራማሪ ኤድዋርድ ራፓፖርት ከ1963 እስከ 2012 በአሜሪካ በአትላንቲክ ማዕበሎች በቀጥታ የሞቱ ሰዎችን አንድ በአንድ መርምረው ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙን የገደለው ውሃ ነው። ግማሽ ያህሉን ወደ የብስ የተገፋ ባሕር፣ ሩብ ያህሉን የዝናብ ጎርፍ ወሰዳቸው። ደረጃውን ለሚሰጠው ነፋስ የቀረው ጥቂት ነው።

ደካማ ማዕበል ለምን ይህን ያህል እንደሚያዘንብ ለመረዳት ማዕበሉን የሚያደክሙትን ነገሮች ማየት ይጠቅማል። ማዕበል ከ26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ባሕር፣ እርጥብ አየርና ከታች እስከ ላይ ተቀራራቢ የሆነ ነፋስ ይፈልጋል። የላይኛው ነፋስ ከታችኛው በጣም ከተለየ የደመናውን አናት ገፍቶ ከመሀሉ ያላቅቀዋል። ሳተላይት ላይ ስታዩት አዙሪቱ ራቁቱን ቀርቶ ነጎድጓዱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተከምሮ ይገኛል። ወይም ደግሞ ማዕበሉ ለመጠንከር ጊዜ ሳያገኝ የብስ ይደርሳል፤ የኢሜልዳ ጉዳይ እንዲህ ነበር። ሁለቱም ነፋሱን ያዳክሙታል እንጂ አየሩ የተሸከመውን ውሃ አይቀንሱትም።

ዋናው ፍጥነት ነው፤ የነፋሱ ሳይሆን የማዕበሉ የራሱ ጉዞ። የድሮ ትንበያ ባለሙያዎች በጣት የሚሠሩት አንድ ቀመር ነበራቸው። ማዕበሉ በኖት የሚጓዝበትን ፍጥነት ወስደህ 100ን ታካፍልለታለህ፤ የሚወጣው ቁጥር የሚጠበቀው ከፍተኛ ዝናብ በኢንች ነው። በ10 ኖት የሚሄድ 10 ኢንች፣ ማለትም 254 ሚሊ ሜትር ያዘንባል። በ5 ኖት የሚያዘግም እጥፉን። ሻካራ ስሌት ነው፤ ነገር ግን ነፋሱ ምን ያህል ይበረታል የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ ጨርሶ የለም። ማዕበልን ከቦታ ቦታ የሚወስደው በዙሪያው ያለው የአየር ፍሰት ነው፤ ያ ፍሰት ሲላላ ማዕበሉ ባለበት ይንገዋለላል፣ ዝናቡም ተከታትሎ በአንዲት መስመር ላይ ይወርዳል።

የቴክሳስ ሰዎች ይህን የተማሩት በአሊሰን ነው። አሊሰን በጁን 2001 ልክ እንደ ኢሜልዳ ፍሪፖርት አጠገብ ገባች፤ ማክሰኞ ነበር። ወደ ሰሜን አዘገመች፤ ሰዉም ሄደች ብሎ ተገላገለ። ከዚያ ዞራ ተመለሰች። ዓርብ ማታ ሂውስተን ላይ ቆማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበች። የብስ ላይ የገባ ደካማ ማዕበል እንዲህ ያለ ጠባይ አለው፤ ቀን ላይ የሞተ መስሎ ሌሊት፣ የደመናው አናት ሲቀዘቅዝ፣ መሀሉ አካባቢ እንደገና ይፈነዳል። ቴክሳስ ሜዲካል ሴንተር የሚባለው ግዙፍ የሆስፒታሎች መንደር በውሃ ተዋጠ። የመብራት መቀየሪያዎቹ ምድር ቤት ስለነበሩ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያላቸው ሆስፒታሎች ጭምር ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ የጽኑ ሕሙማን መተንፈሻ በእጅ እየተጨመቀ በሽተኞች በደረጃ ወረዱ። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ምድር ቤት ውስጥ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የምርምር እንስሳት ሰመጡ፤ ከእነሱ ጋር የብዙ ዓመት ጥናት። በአጠቃላይ በአሜሪካ በማዕበሉ በቀጥታ 41 ሰው ሞተ። «የናቁት ያስረግዛል» የሚለው ተረታችን ለአሊሰን የተተረተ ይመስላል። ሃሪኬን ሳትሆን ስሟ ከአትላንቲክ ዝርዝር እንዲሰረዝ የተደረገ የመጀመሪያዋ ማዕበል እሷ ናት። ሁለተኛዋ በ2015 ዶሚኒካ የተባለችውን ደሴት ያጥለቀለቀችው ኤሪካ ነች።

ሆስፒታሎቹ ከዚያ በኋላ ውሃ የማያስገቡ ከባድ በሮች አሠሩ፤ በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ሲመጣ በሮቹ ያዙ። ሂውስተን ያለችበት አውራጃም በየወንዙ የዝናብና የውሃ ከፍታ መለኪያዎቹን አበዛ፤ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያያቸዋል። ሂውስተን ሜዳ ናት፤ አፈሯ ጭቃማ፣ ወንዞቿ ባዩ የሚባሉ ቀስ ብለው የሚሄዱ ቦዮች። እዚያ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ስለ ሃሪኬን ደረጃ ምንም ደንታ የለውም፤ የሚያየው ከማደያው ጀርባ ያለው ባዩ ከዳሩ ስንት ጫማ እንደቀረው ነው። ኢሜልዳ ሐሙስ ዕለት ስታጥለቀልቃቸው እናቱ ከደሴ ደወሉለት።

«ነፋሱ በረታ እንዴ ልጄ?»

«ነፋስ የለም እማዬ፤ ዝናቡ ነው አልሄድ ያለው።»

«ዝናብ ታዲያ ምን ያደርጋል? ተመስገን በል እንጂ!»

እሱ ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ ያን ቀን ግን ማደያውን ዘግቶ መኪናውን ከፍ ያለ ድልድይ ላይ አቁሞ ነው ያደረው። በዚያው ሰሞን ሳን ሃሲንቶ ወንዝ ላይ ታስረው የነበሩ ባርጅ የሚባሉ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች በጎርፉ ተበጥሰው አገር አቋራጩን የኢንተርስቴት 10 ድልድይ መትተዋል።

ውሃውን ከሚያዩት መካከል እኔ ከሁሉ የማከብራቸው ሳተላይትም አውሮፕላንም የማያሳድዱትን ነው። በ1997 ጁላይ መጨረሻ ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ ከተማ ላይ ከባድ ዝናብ ወርዶ አምስት ሰው ገደለ። ከተማዋ አንድ ጫፍ ላይ መጠነኛ ዝናብ ሲጥል ሌላው ጫፍ ላይ ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ወርዷል፤ ያሉት ጥቂት መለኪያዎች ይህን ሊያሳዩ አልቻሉም። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ባለሙያ ኖላን ዶስከን በማግስቱ ዓመት ተራ ሰዎች በየግቢያቸው ዝናብ የሚለኩበትን መረብ ጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ አለ፤ ካናዳና ባሃማስም ደርሷል።

መሣሪያው ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ የአፉ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር። አፉ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ውሃውን ወደ ውስጠኛው ቀጭን ቱቦ ያወርዳል። የቱቦው የቆዳ ስፋት ከመሣሪያው አፍ የቆዳ ስፋት አንድ አሥረኛ ስለሆነ የወረደው ዝናብ ቱቦው ውስጥ አሥር እጥፍ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ በዓይን ይነበባል። ቱቦው ሲሞላ የተረፈው ወደ ውጭኛው በርሜል ይፈስሳል። በየቀኑ ጠዋት ይነበባል፤ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን ከውሃው ትክክል አድርጎ፣ ጠርዝ ላይ የሚወጣውን ትቶ መሀል ዝቅ ያለውን መስመር። ምንም ካልዘነበም ዜሮ ተብሎ ይላካል፤ ዜሮም ቁጥር ነው። መሣሪያው ሞልቶ የሚይዘው 280 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኢሜልዳ ክፉኛ በመታችው ቦታ ያለ ለኪ ይህን መሣሪያ አራት ጊዜ ሞልቶበት ደፍቶ እንደገና መጀመር ነበረበት፤ ያም ሌሊት ተነሥቶ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ።

ራዳር የዝናብን መጠን የሚገምተው ከጠብታዎቹ ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ ነው። በሐሩራማ ዝናብ ውስጥ ጠብታዎቹ ትንንሽና እጅግ ብዙ ስለሆኑ ግምቱ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። የሚታረመው መሬት ላይ በተለካው ቁጥር ነው፤ የግቢው ፕላስቲክ ለባለሙያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የኛ ሰው ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ከአትላንቲክ ማዕበሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚጀምሩት ከአፍሪካ ምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚጓዙ የአየር ሞገዶች ነው፤ ሞገዶቹን ከሚቀሰቅሱት ቦታዎች አንዱ የክረምቱ ነጎድጓድ የሚፈነዳበት የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በ2000 አትላንቲክ ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል የቆየችውን ሃሪኬን አልቤርቶን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲሄዱ ዘሯን ያገኙት እዚሁ ተራሮቻችን ላይ ነው። (ኢሜልዳ ከእነዚህ አይደለችም፤ የተፈጠረችው እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ ከነበረ የላይኛው አየር መታወክ ነው።)

ወደ አካባቢያችን ጠረፍ የመጣም አለ። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ማዕበል የኤደን ባሕረ ሰላጤን ርዝመቱን ሙሉ አቋርጦ ሶማሌላንድ ላይ፣ ሉግሃያ አካባቢ፣ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ መዝገብ ከእሱ ይበልጥ ወደ ምዕራብ ዘልቆ የገባ ማዕበል የለም። በነፋስ መለኪያ ደካማ ነበር። ጅቡቲ ከተማ ግን የዓመት ድርሻዋን የሚጠጋ ዝናብ ባንድ ጊዜ ወረደባት፤ ጎርፉ ከሶማሌላንድ አልፎ የኢትዮጵያን ሶማሌ ክልል ነካ፤ ሰውም ከብትም ሄደ። የሳጋር መንገድ በሳተላይት በደንብ ታይቷል። በየመንደሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጣለ ግን በአብዛኛው የምናውቀው ከላይ በተሰላ ግምት ነው፤ በዚያ ምድር ግቢው ውስጥ ቱቦ ተክሎ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ሰው ብርቅ ነውና። መሣሪያው አሜሪካ ውስጥ ከሃምሳ ዶላር በታች ይሸጣል።